ቴስተር፣ ሎጂክ አናላይዘር ወይስ ኦሲሎስኮፕ? ለማይክሮኮንትሮለር ሥራ የቱ ይቅደም

ባለፈው ክረምት አንድ የወንጂ ልጅ የጫጩት መፈልፈያ ሣጥን ተሸክሞ አዳማ ድረስ መጣልኝ። ራሱ የሠራው ነው። አርዱዪኖ ኡኖ (ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ኮምፒውተር ቺፕ ያለው ሰሌዳ)፣ የሙቀት ሴንሰር፣ አምፖሎቹን የሚያበራና የሚያጠፋ ሪሌ፣ እንቁላሉን የሚያገላብጥ ትንሽ ሞተር። ሽቦው ሁሉ በሥርዓት ታስሯል። ደስ የሚል ሥራ ነበር።

«ጋሼ፣ ቀኑን ይረሳል» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። የዶሮ እንቁላል ለመፈልፈል 21 ቀን ይፈልጋል። ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት። እንቁላሉ በየሰዓቱ ይገላበጣል። 18ኛው ቀን ላይ ግን መገላበጡ ይቆማል፤ ጫጩቷ ለመውጣት ቦታዋን የምትይዘው ያኔ ነው። የሱ መሣሪያ 14ኛው ወይም 15ኛው ቀን ላይ ይደርስና ድንገት «ቀን 1» ብሎ እንደገና ይጀምራል። ሳያስተውለው ሲቀር ሞተሩ እስከ መጨረሻው ያገላብጣል። ሁለት ዙር እንቁላል ከስሯል።

ኮዱን ሦስቴ ጽፎታል። ሴንሰሩን ቀይሯል። አርዱዪኖውንም ቀይሯል። አርዱዪኖው የሚሠራበትን 5 ቮልት በቴስተር ለክቷል፤ 4.98 ይላል። የቴስተሩን ቃል አምኖ ኃይሉን ከጥርጣሬ አወጣው። ማንም ቢሆን እንደዚያው ያደርግ ነበር።

ቮልቴጅ በየቅጽበቱ ሲለዋወጥ ስክሪን ላይ የሚስለውን ኦሲሎስኮፕ አምስት ቮልቱ ላይ ሰካሁት። ትሪገሩን፣ ሥዕሉን መቼ እንዲይዝ የሚነግረውን፣ 4 ቮልት ላይ አደረግኩ። ከዚያ በታች ሲወርድ አንዴ ይዞ እንዲቆም አዘዝኩትና ሞተሩን አስነሣነው። ወዲያው ያዘ፤ መስመሩ ወደ 3.5 ወርዶ ተመልሷል። ያ ራሱ ጥሩ አይደለም። ግን ሪሴት የሚያደርገው፣ ከዜሮ የሚያስጀምረው፣ እሱ አይደለም። ኡኖ ላይ ያለው ቺፕ ራሱን ሪሴት የሚያደርገው ከ2.7 ቮልት በታች ሲወርድ ነው። ትሪገሩን ወደ 2.7 አወረድኩትና ቡና ልንጠጣ ወጣን።

ስንመለስ ሥዕሉ ስክሪኑ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ሞተሩ ከባዱን ትሪ ይዞ ሲነሣ ቮልቴጁ ቁልቁል ወርዶ 2.4 ነክቷል። ከ3 ሚሊሰከንድ በኋላ ተመልሷል። ልጁ ስክሪኑን በጣቱ እየነካ «ይሄ ነው? ይሄ ነው እንዴ?» ይላል። የሁለት ወር ድካሙ ጠቅላላ ከአንድ ጥፍር የማይሰፋ ጉድጓድ ሆኖ ታየው።

መፍትሔው ርካሽ ነበር። ለሞተሩ የራሱ ፓወር ሰፕላይ፣ ግራውንዱ (ማይነሱ) ግን የጋራ። አርዱዪኖው አጠገብ ኃይል አጠራቅሞ ጉድጓዱን የሚሞላ አንድ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር። የቀኑን ቁጥር ደግሞ መብራት ቢሄድም በማይጠፋው ኢኢፕሮም ላይ መጻፍ።

ከዚያ ወዲህ ኦሲሎስኮፕ ልግዛ ወይስ ቴስተር ይበቃኛል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። መሣሪያ ከመምረጣችሁ በፊት ሰርኪታችሁ ላይ የምትጠይቁትን ጥያቄ ለዩት። «ስንት ነው?» ከሆነ ቴስተር ይመልሳል። «ቺፖቹ ምን ተባባሉ?» ከሆነ ሎጂክ አናላይዘር ይመልሳል። «መቼ ምን ሆነ፣ ቅርጹስ ምን ይመስላል?» ከሆነ ኦሲሎስኮፕ ብቻ ነው የሚመልሰው።

ቴስተር

እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ቴስተር የሌለው ሰው ኦሲሎስኮፕ መግዛት የለበትም። ሽቦ መበጠሱን በድምፅ የሚነግራችሁ፣ ሬዚስተር የሚለካ፣ ባትሪው ስንት ላይ እንዳለ የሚያሳይ እሱ ነው። ብሬድቦርድ (ያለ ሶልደር ሽቦ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ የሚያጋጥመው ጣጣ አብዛኛው የላላ ሽቦ ነው፤ ወይ ፕላስና ማይነሱ ተገላብጧል፤ ወይ ግራውንድ ተረስቷል። ለእነዚህ ቴስተር ይፈጥናል።

ችግሩ ዓይኑ ቀርፋፋ መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ማሳያቸውን በሰከንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ነው የሚያድሱት። በመሃል የሆነውን ሁሉ አማካይ አድርገው ነው የሚያሳዩት። የ3 ሚሊሰከንድ ጉድጓድ እዚያ አማካይ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል።

ቤታችሁ ልትሞክሩት የምትችሉት ነገር አለ። አርዱዪኖ ኡኖ ላይ ፒን 9ን (አንዱን እግሩን) አናሎግራይት በሚባለው ትእዛዝ 128 ላይ አድርጉና ቴስተሩን ስኩበት። 2.5 ቮልት ይላችኋል። በዚያ ፒን ላይ ግን 2.5 ቮልት የሚባል ነገር የለም። ፒኑ በሰከንድ 490 ጊዜ ያህል ከ0 ወደ 5 እየዘለለ ነው። ቴስተሩ አልዋሸም፤ አማካዩን ነው የነገራችሁ። ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው ድራይቨራችሁ ወይም ሞስፌታችሁ ግን የሚያየው አማካዩን ሳይሆን ዝላዩን ነው።

ሎጂክ አናላይዘር

ብዙ ሰው ይህን መሣሪያ ሳያውቅ ቀጥታ ወደ ኦሲሎስኮፕ ይሮጣል። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ለገንዘቡ ከዚህ የበለጠ የሚያገለግል ዕቃ አላውቅም። ከክብሪት ሣጥን ያነሰ፣ 8 ቻናል (የሚለካ መስመር) ያለው፣ በሰከንድ 24 ሚሊዮን ጊዜ የሚያነብ፣ በዩኤስቢ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ነው። ውጭ አገር 10 ዶላር አካባቢ ይሸጣል። ፐልስቪው ከሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ጋር ይሠራል። ቺፖች የሚነጋገሩባቸውን ቋንቋዎች፣ ሲሪያልን፣ አይቱሲን፣ ኤስፒአይን፣ ከነትርጉሙ አውጥቶ ስክሪን ላይ ይጽፍላችኋል።

ትልቁ ጥቅሙ ረጅም ጊዜ መቅዳቱ ነው። ላፕቶፑ ላይ ስለሚያስቀምጥ ሰከንዶች፣ ከዚያም በላይ ይይዛል። ለምሳሌ በሞባይል መልእክት ፓምፕ የሚያስነሣ ነገር እየሠራችሁ ነው እንበል። ወንጂና ቆቃ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ይፈልጋሉ። አርዱዪኖው ለጂኤስኤም ሞጁሉ (ሲም ካርድ ለሚገባበት ሰሌዳ) ትእዛዝ ይልካል፣ ሞጁሉ ይመልሳል፣ ከዚያ የሆነ ቦታ ላይ ጭጭ ይላል። ሎጂክ አናላይዘሩ ከመጀመሪያው ትእዛዝ ከ«ኤቲ» አንሥቶ ዝም እስካለበት ፊደል ድረስ ውይይቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የጠፋ ፊደል ካለ፣ የተሳሳተ ባውድ ሬት (የመላኪያ ፍጥነት) ካለ ወዲያው ይለያል።

ለምን ጭጭ እንዳለ ግን አይነግራችሁም። ሲም800ኤል የሚባለው ሞጁል ሲያስተላልፍ ለግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል እስከ 2 አምፔር ይስባል። ቀጭን ሽቦ ወይም ደካማ ሰፕላይ ካለ ቮልቴጁ ከሚፈቀድለት 3.4 በታች ይወርድና ሞጁሉ ይጠፋል። ሎጂክ አናላይዘር የሚያየው 0 እና 1 ብቻ ነው። ቮልቴጅ ሲያቃስት አይሰማም።

ይህ ክፍተቱ እንዴት እንደሚያሳስት በአንድ ምሳሌ ላሳይ፤ ቁጥሮቹን አብራችሁኝ አስሉ። አንድ በ5 ቮልት የሚሠራ የአይቱሲ ሴንሰር ከሣጥኑ ውጭ በረጅም ኬብል ተቀጥሏል። ፑልአፕ ሬዚስተር፣ መስመሩን ወደ 5 ቮልት የሚስበው፣ አልተደረገም፤ የአርዱዪኖው የውስጥ ፑልአፕ ይበቃል ተብሏል። የውስጡ ከ20 እስከ 50 ኪሎኦም ነው፤ 30 እንበል። ኬብሉ እንደ ካፓሲተር 200 ፒኮፋራድ ቢይዝ ሁለቱ ሲባዙ መስመሩ ሲወጣ የሚዘገይበት ልክ 6 ማይክሮሰከንድ ይሆናል። በ100 ኪሎኸርዝ ደግሞ መስመሩ ለመውጣት ያለው ጊዜ 5 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ የሚደርሰው 2.8 ቮልት አካባቢ ብቻ ነው። ቺፑ «1» ነው ብሎ ለመቀበል 3.5 ይፈልጋል። ስለዚህ ሴንሰሩ አንዴ ይመልሳል፣ አንዴ አይመልስም።

ሎጂክ አናላይዘሩስ? እነዚያ ርካሾቹ 2 ቮልት ያለፈውን ሁሉ «1» ብለው ይቆጥራሉ። ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ ሁሉም ነገር ያማረ፣ ቀጥ ያለ፣ ትክክለኛ ሆኖ ይታያል። እናንተ ኮዳችሁን ትጠራጠራላችሁ። ኦሲሎስኮፕ ብትሰኩበት በአንድ እይታ ያልቃል። አራት ማዕዘን መሆን የነበረበት ሞገድ የመጋዝ ጥርስ መስሏል። ሁለት 4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር ከመስመሮቹ ወደ 5 ቮልት ስታደርጉ ጥርሱ ቀጥ ይላል። ይህን ቅርጽ አንዴ ዓይናችሁ ከለመደው ዕድሜ ልክ አትረሱትም።

ኦሲሎስኮፕ፦ የትኞቹን ቁጥሮች እንመልከት

ሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ባንድዊድዝ ነው፤ መሣሪያው እስከ ምን ያህል ፈጣን ሞገድ እንደሚያሳይ የሚናገረው። 50 ሜጋኸርዝ ማለት 50 ሜጋኸርዝ የሆነ ሞገድ ከትክክለኛ ቁመቱ 70 በመቶ ያህል ሆኖ ይታያል ማለት ነው። እዚያ ላይ ሥዕሉ አይጠፋም፤ ግን እውነቱ መሸርሸር ይጀምራል። ለአራት ማዕዘን ሞገድ የሚሠራ ቀላል ስሌት አለ። 0.35ን ለባንድዊድዙ አካፍሉ። የሚመጣው መሣሪያው ሊያሳይ የሚችለው ፈጣኑ አወጣጥ፣ ሞገዱ ከታች ወደ ላይ የሚወጣበት ጊዜ፣ ነው። ለ50 ሜጋኸርዝ 7 ናኖሰከንድ ይሆናል። ለ200 ኪሎኸርዝ 1.75 ማይክሮሰከንድ። ልዩነቱ እንዴት እንደሚሰፋ ተመልከቱ።

«አርዱዪኖዬ 16 ሜጋኸርዝ ነው፤ ስለዚህ 20 ሜጋኸርዝ ይበቃኛል» የሚል ስሌት እሰማለሁ። 16 ሜጋኸርዙ የውስጥ ሰዓቱ ነው። እናንተ የምትለኩት ብዙውን ጊዜ ከዚያ በጣም የዘገየ ነገር ነው፦ ሰርቮ በሰከንድ 50 ጊዜ፣ ሲሪያል በ9600 አንዷ ቢት 104 ማይክሮሰከንድ። በሌላ በኩል የፒኑ አወጣጥ ጥቂት ናኖሰከንድ ስለሆነ ያንን አወጣጥ ለማየት 20 ሜጋኸርዝም ያንሳል። ለዚህ ሥራ ከ50 እስከ 100 ሜጋኸርዝ ያለው በቂ ነው። ከዚያ በላይ ገንዘብ ከመጨመር ቻናል መጨመር ይሻላል።

ሁለተኛው በሰከንድ የሚወስደው ናሙና ነው። ቢያንስ የባንድዊድዙን አምስት እጥፍ ፈልጉ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ በቻናሎች መካከል ይከፋፈላል። ሪጎል ዲኤስ1054ዜድ ለምሳሌ በሰከንድ 1 ቢሊዮን ናሙና ይወስዳል የሚባለው አንድ ቻናል ስትጠቀሙ ነው። አራቱንም ስትከፍቱ ለእያንዳንዱ 250 ሚሊዮን ይደርሰዋል። አሁንም በቂ ነው፤ ግን አውቃችሁ ግዙ።

ሦስተኛው ማንም የማይጠይቀው ሜሞሪ ነው። በኔ እምነት ለማይክሮኮንትሮለር ሰው ከባንድዊድዝ እኩል ዋጋ አለው። ዲኤስኦ138 የሚባለው ትንሹ ኪት በሰከንድ 1 ሚሊዮን ናሙና ይወስዳል፤ የሚይዘው ግን 1024 ነጥብ ነው። በሙሉ ፍጥነቱ 1 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ማለት ነው። በ9600 የምትላክ አንድ ፊደልም የምትፈጀው ያንኑ 1 ሚሊሰከንድ ነው። ስለዚህ የምታዩት አንድ ፊደል ነው። ሙሉ ቃሉን ለማየት ፍጥነቱን መቀነስ አለባችሁ፤ ስትቀንሱ ደግሞ ቅርጹ ይደበዝዛል። 12 ሚሊዮን ነጥብ የሚይዝ መሣሪያ ግን በዚያው ፍጥነት 12 ሰከንድ ይይዛል።

አራተኛው ቻናል ነው። ሁለት ይሁን። አንድ ቻናል «ምን ሆነ?» ይላል። ሁለት ቻናል «ይህ ከሆነ በኋላ ያ ሆነ» ይላል። የዚያን ልጅ ጉዳይ አስታውሱ። አንዱን ፕሮብ (የመሣሪያውን መለኪያ ሽቦ) ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን 5 ቮልቱ ላይ ብታደርጉ ጥፋተኛውና ተጠቂው ጎን ለጎን ይታያሉ። የአይቱሲ ሁለት መስመሮችም ሁለት ቻናል ይፈልጋሉ።

ትሪገር ደግሞ ነፍሱ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ይዞ የሚቆም ሁኔታ፣ ሲንግል የሚባለው፣ ከሌለው አትግዙት። የሚያልፍን የቮልቴጅ ጉድጓድ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅላችሁ እሱ ነው።

ገበያ ላይ የምታገኟቸው

*ባለ 200 ኪሎኸርዝ ኪትና ትንንሾቹ።* ርካሽ ናቸው። ኪቱን ሶልደር አድርጎ መገጣጠም በራሱ ትምህርት ነው፤ ለ11ኛና 12ኛ ክፍል ተማሪ ደስ ብሎኝ እመክረዋለሁ። ሰው እንደሚንቃቸው ያህል ደካማ አይደሉም። የመፈልፈያው 3 ሚሊሰከንድ ጉድጓድ በእነሱም ይታይ ነበር። የአርዱዪኖ ፒደብልዩኤም (ያ የፒን 9 ዝላይ)፣ ሰርቮ፣ የቁልፍ መንጠር፣ የዲኤችቲ22 ሴንሰር ምልክት፣ ዘገምተኛ ሲሪያል ይታዩባቸዋል። በ400 ኪሎኸርዝ የሚሠራ አይቱሲ፣ ኤስፒአይ፣ ባለ ቀለም የኤልኢዲ ገመድ ግን አይታዩባቸውም። የኤልኢዲው አጭሯ ምት 0.4 ማይክሮሰከንድ ናት። መሣሪያው የሚያሳይ ይመስላል፤ ክብ ክብ ያለ ሞገድ ታያላችሁ። ያ ሞገድ ግን የመሣሪያው ድክመት ነው። ጀማሪን የሚጎዳው ይህ ነው።

*በላፕቶፕ ላይ የሚሰካ።* ሃንቴክ 6022ቢኢ የታወቀው ነው፦ ሁለት ቻናል፣ 20 ሜጋኸርዝ፣ በሰከንድ 48 ሚሊዮን ናሙና። ላፕቶፕ ላለው ተማሪ ዋጋው ደህና ነው። ስክሪኑ ሰፊ፣ ሥዕል ማስቀመጥም ቀላል ነው። የማይመቸኝ አንድ ነገር አለ። ኮድ የምትጽፉበትም፣ ሰርኪቱን የምታዩበትም፣ ሲሪያል የምታነቡበትም ያው አንድ ላፕቶፕ ይሆናል። ደግሞም የላፕቶፑ ግራውንድ ከምትለኩት ሰርኪት ጋር ይያያዛል። ስታበላሹ የምታበላሹት ላፕቶፑን ነው።

*በእጅ የሚያዝ፣ ባትሪ ያለው።* ለኛ ከተማ ልቤ የሚያደላው ለዚህ ነው። ሃንቴክ 2ዲ72 ለምሳሌ ሁለት ቻናል፣ 70 ሜጋኸርዝ፣ በውስጡም ቴስተርና የሞገድ ማመንጫ አለው። መብራት ሲሄድ ሥራ አይቆምም። በባጃጅ ይዛችሁት ፓምፑ ያለበት ማሳ ድረስ ትሄዳላችሁ። ስክሪኑ ትንሽ ነው፣ ቁልፎቹም በሜኑ ውስጥ ያንከራትታሉ። ሁለት ቻናል ላይ ፍጥነቱ ይከፈላል። እነዚህን እቀበላለሁ። የማልቀበለው ሣጥኑ ላይ 100 ሜጋኸርዝ ተጽፎ ሲከፈት ሢሶው እንኳ የማይገኝባቸውን ነው። እንዲህ ያሉ አጋጥመውኛል፤ ስም የሌላቸውን ስትገዙ እዚያው ሞክሩ።

*የጠረጴዛው።* ሥራችሁ ይህ ከሆነ፣ ጥገና ቤት ከከፈታችሁ ወይም የምርት ሰርኪት የምትቀርጹ ከሆነ፣ ይህን ግዙ። ዲኤስ1054ዜድ ሲወጣ 400 ዶላር ገደማ ነበር። አራት ቻናል፣ 50 ሜጋኸርዝ፣ ሰፊ ሜሞሪ አለው። ቁልፍ በእጅ መዞሩ ብቻውን ሥራውን ያፋጥናል። የአዳማ ሁለት ነገሮች ግን አሉ። አንደኛው መብራት ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ከ50 ዋት በታች ስለሚበላ ትንሽ ዩፒኤስም ይሸከመዋል። ሁለተኛው አቧራ ነው። ኮረብታዎቹ ላይ 51 እና 153 ሜጋዋት የሚያመነጩትን ሁለቱን የነፋስ ጣቢያዎች የሚያዞረው ነፋስ ቤታችንም ይገባል። የመሣሪያው ፋን አቧራውን ስቦ ሆዱ ውስጥ ያከማቸዋል። ስትጠቀሙ አየር ይግባበት፤ ስትጨርሱ በጨርቅ ሸፍኑት። ሞቆ ሳለ ግን አትሸፍኑት።

*የድሮው ባለ ቱቦ።* አንዳንዴ ያገለገለ በርካሽ ይገኛል። ተደጋጋሚ ሞገድ ሲያሳይ ያምራል። ነገር ግን ሥዕል ይዞ አይቆምም። አንዴ ብልጭ ብሎ የሚያልፈው ነገር ያልፋል። ከማይክሮኮንትሮለር ችግር ግማሹ እንደዚያ ነው። ከባድ ነው፣ ውስጡም ከጠፋ በኋላ እንኳ አደገኛ ቮልቴጅ ይዞ ይቆያል። በስጦታ ካልመጣ አትግዙት።

ነጻ የሆነም አማራጭ አለ። አርዱዪኖው ራሱ አናሎግሪድ በሚባለው ትእዛዝ ቮልቴጅን በሰከንድ 9 ሺህ ጊዜ ገደማ ማንበብ ይችላል። በአርዱዪኖው ሶፍትዌር ውስጥ ባለው ሲሪያል ፕሎተር ላይ ሥዕሉን አውጡት። ለዘገምተኛ ነገር ይሠራል። ከ5 ቮልት በላይ ብቻ አትስጡት።

የግራውንዱ ቁንጢጥ

ይህን ክፍል ዘላችሁ አትለፉ። የጠረጴዛ ኦሲሎስኮፕ ፕሮብ ላይ ያለችው የአዞ አፍ ቁንጢጥ በመሣሪያው ሰውነት በኩል ከስፒናው ሦስተኛ እግር ጋር ተያይዛለች። ከመሬት ጋር ማለት ነው። እሷን የትም ብትነክሱ ያንን ቦታ ከመሬት ጋር አገናኛችሁት። 220 ቮልት ያለበት ቦታ ከሆነ ብልጭ ይላል። ፕሮቡ ይቃጠላል፤ መሣሪያው ይቃጠላል፤ እጃችሁም እዚያ ነው። የስልክ ቻርጀር ሆድ ውስጥ፣ ከትራንስፎርመሩ በፊት ባለው በኩል፣ በዚህ መሣሪያ አትግቡ። ሁለቱ ቻናሎችም ግራውንዳቸው አንድ ነው። አንዱን ማይነስ ላይ፣ ሌላውን ፕላስ ላይ ብትነክሱ ሾርት አደረጋችሁ።

ይህን ለማምለጥ ብሎ የስፒናውን ሦስተኛ እግር የሚቆርጥ አለ። አታድርጉት። ያኔ የመሣሪያው ብረት በሙሉ የምትለኩትን ቮልቴጅ ይሸከማል። ብዙ ቤት ሶኬቱ መሬት ስለሌለውም ሳትቆርጡት ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ቀድማችሁ አስመርምሩ።

በባትሪ የሚሠራው በዚህ ይሻላል፤ ከመሬት ጋር አልተያያዘም። እሱም ቢሆን የሚፈቀድለት ቮልቴጅ አለው፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ለማይክሮኮንትሮለር ሥራ የምትለኩት 3.3፣ 5 እና 12 ቮልት ነው። የ220ውን ነገር ለሚያውቀውና ተገቢው መሣሪያ ላለው ተዉለት።

ፕሮቡ

ፕሮቡ ላይ ትንሽ ማንሸራተቻ አለች፦ 1 እና 10። 10 ላይ ትሁን። 1 ላይ ስትሆን ባንድዊድዙ ወደ 6 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይወርዳል፤ 100 ሜጋኸርዝ የከፈላችሁበት መሣሪያ ያን ጊዜ ምንም አይጠቅማችሁም። መሣሪያው ሜኑ ላይም 10 መሆኑን ንገሩት፤ አለበለዚያ 5 ቮልቱን 0.5 ይላችኋል። ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለችውን የ1 ኪሎኸርዝ ማስተካከያ ነጥብ ንከሱና ፕሮቡ ላይ ያለችውን ብሎን በትንሿ ካቻቢቴ አዙሩ። የሞገዱ ትከሻ ጎብጦ ከነበረ ወይም ሾሎ ከነበረ ቀጥ እስኪል ድረስ።

ረጅም የግራውንድ ሽቦ ፈጣን ሞገድ ላይ የሌለ መንቀጥቀጥ ይጨምራል። አጭር አድርጉት። ብዙ ሰው ሰርኪቱ ታመመ ብሎ የሚያክመው ይህን የራሱን ሽቦ ነው።

ለማን የቱ

ጀማሪ ከሆናችሁ ደህና ቴስተርና 10 ዶላሩን ሎጂክ አናላይዘር። ስድስት ወር በእነሱ ሥሩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ «ይህን ባየሁት ኖሮ» ያላችሁባቸውን ቀኖች ደብተር ላይ ጻፉ። ሁለት ሦስት ሲሆኑ ኦሲሎስኮፕ የምትገዙበት ጊዜ ደርሷል፤ የትኛውን እንደምትገዙም ያው ደብተር ይነግራችኋል።

ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆች የራሳችሁን ከመግዛታችሁ በፊት ላብራቶሪውን አሟጣችሁ ተጠቀሙ። የመመረቂያ ሥራ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ አራት አምስት ሆናችሁ አንድ የእጅ መሣሪያ በጋራ ግዙ። ሁሌም የሚያስፈልገው ለአንዱ ነው።

ሞተር፣ ፓምፕ፣ ሪሌ፣ ጂኤስኤም የሚነካ ሥራ ላይ ያላችሁ ግን ሎጂክ አናላይዘሩን ዘላችሁ ኦሲሎስኮፑን አስቀድሙ። የእናንተ ችግር ዘጠና በመቶው ኃይሉ ላይ ነው ብዬ ብናገር ብዙ አልሳሳትም። ኢኤስፒ32 በሚባለው ዋይፋይ ባለው ማይክሮኮንትሮለር የምትሠሩም እንደዚያው፤ ሬዲዮው ሲነሣ 3.3 ቮልቱን ሳታዩ ኮድ አትቀይሩ።

ያገለገለ ልትገዙ ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። አርዱዪኖ ኡኖና ፓወር ባንክ ያዙ። ፒን 9 ላይ የ490 ኸርዙን ሞገድ አውጡና ሁለቱንም ቻናል ተራ በተራ ስኩ። ቁመቱ በሁለቱም 5 ቮልት ካልሆነ፣ ድግግሞሹም 490 አካባቢ ካልሆነ ተዉት። ሁሉንም ማዞሪያ እስከ ጫፍ አዙሩ፤ የሚዘል ወይም የሚንሸራተት ካለ በቅርቡ ይሞታል። ትሪገሩን ሲንግል ላይ አድርጉና የአርዱዪኖውን ሪሴት ንኩ፤ ያዘ ወይ? በመጨረሻ ግማሽ ሰዓት ያህል በርቶ ይቆይ። ሲሞቅ መስመሩ ከቦታው ቀስ እያለ የሚሸሽ ከሆነ ዋጋውን አስቀንሱ ወይም አመስግናችሁ ውጡ። ፕሮቡ ኦሪጅናል መሆኑንም እዩ፤ ብዙ ጊዜ መሣሪያው ደህና ሆኖ የሚሸጠው በተበጠሰ ፕሮብ ነው።